በቀኙ በር ላይ ሁለት ፊደል

ተናድጄ ነው የምጽፈው። አስቀድሜ መናገሬ፣ አንብባችሁ ስትጨርሱ «ይቺ ሴትዮ ነገር ታካርራለች» የምትሉ ስለማትጠፉ ነው። አካርራለሁ። እናቴም ትለኛለች። ግን እኔ ያየሁትን አይቶ የማያካርር ሰው ካለ እሱን ነው የምፈራው።

ሌንሴ እባላለሁ። ቡራዩ ውስጥ፣ በአምቦ መንገድ ዳር፣ በጎማ ጠጋኝና በብሎኬት ማምረቻ መካከል የተሰነቀረች የስቲከር ሱቅ አለችኝ። ሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ አንብባችሁ የምትስቁበት ወይም የምትናደዱበት ጽሑፍ ከእኔ ዓይነቷ ሱቅ ነው የሚወጣው። የባጃጅ ሹፌር የልጁን ስም ያስቆርጣል፣ የጭነት መኪና ባለቤት መልአክ ያስለጥፋል፣ ሰው የሞተበት ደግሞ የሟቹን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ከሚል ጽሑፍ ጋር ይዞ ይሄዳል። ያን ጊዜ የእኔ ሥራ የመጣልኝን ቆርጦ መለጠፍ ብቻ ነው ብዬ አምን ነበር። ማን ተጻፈ፣ ማን ቀረ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደወጣ አቶ ወንድወሰን የሚባል ሰው ካርቶን ታቅፎ ሱቄ ገባ። የድሮ የመኪና ተወዳዳሪዎች ማህበር ጸሐፊ ነኝ አለኝ። ከካርቶኑ ያወጣት ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ የምትደርስ ነጭ የፕላስቲክ መኪና ነበረች። ቀለም አልነካትም። መስኮቶቿ፣ በሮቿ፣ የሞተር ክዳኗ ሁሉ እንደ እውነተኛው ተቀርጸዋል።

«በስንት ልመና በሰው ከውጭ ያስመጣናት ናት» አለኝ። «ሌላ የለንም። ጋሽ መስፍን ይወዳደሩባት የነበረችውን መኪና አስመስለሽ ቀቢና ለጥፊልን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሱሉልታ ላይ እንሸልማቸዋለን።»

ከአንድ አሮጌ ፎቶና በእጅ ከተጻፈ ዝርዝር ጋር ትቶልኝ ሄደ። ፎቶው መኪናዋን በግራ በኩል ነው የሚያሳየው። ሰማያዊ ነች፤ ጣሪያዋ ነጭ፣ ወገቧ ላይ ቀይ መስመር፣ በሯ ላይ ሃያ ሰባት ቁጥር፣ ከቁጥሩ በላይ «መስፍን» የሚል ስም። በቀኙ በር ላይ ምን እንደሚለጠፍ ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፤ ቁጥር ሃያ ሰባት፣ የጎማ ማስታወቂያ። ሌላ የለም።

እውነቱን ልናገርና እንደዚያች መኪና የወደድኩት ሥራ አልነበረም። የቡራዩን አቧራ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሚኒባሶቹ መሯሯጥ ከጀመሩ በኋላ የተቀባ ነገር ሁሉ አሸዋ ይለብሳል። ስለዚህ ገና ሳይነጋጋ ሱቄን ከፍቼ ሰማያዊውን በስሱ እረጫለሁ፣ አደርቃለሁ፣ በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ አሻለሁ፣ እንደገና እረጫለሁ። ቲነሩ ከበዛ ፕላስቲኩን ይበላዋል፤ ካነሰ ቀለሙ ይንጠባጠባል። ጽሑፎቹን ደግሞ በቅንድብ መንቀያ ወረንጦ እየያዝኩ፣ ትንፋሼን ውጬ ነበር የማስቀምጣቸው። ከጎኔ ያለው ጎማ ጠጋኝ እየመጣ «አሁን ይቺ ነዳጅ ስንት ትጠጣለች?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

አምስት ቀን ሲቀረው ግን ጉድ ሠራሁ። እኛ ስቲከር ለጣፊዎች የማንላቀቀው ልማድ አለን። ጎበጥ ያለ ቦታ ላይ ስቲከሩ አልተኛ ሲለን በፀጉር ማድረቂያ እናሞቀዋለን፤ ይለሰልስና ከብረቱ ጋር ይጣበቃል። በቀን አሥር ጊዜ የምሠራው ነገር ስለሆነ እጄ ሳያስብ ይሠራዋል። ቀዩ መስመር በቀኙ በር ላይ ጫፉ ተነሳብኝና ማድረቂያውን አንስቼ ለቀቅኩበት። ብረት ላይ ያለሁ መስሎኝ። መለስ ብዬ ሳየው በሩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ ቀለሙም ተጨማዷል።

ሌላ የለንም የተባለች መኪና! ለአቶ ወንድወሰን ልደውል ስልኬን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት። ከዚያ ካርቶኑን ታቅፌ ሰበታ፣ አባቴ ጋ ሄድኩ።

አባቴ ቱፋ ይባላል፤ የሰፈሩ ሰው ኦቦ ቱፋ ይለዋል። ባትላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ ወደ ቦታው ይመልሳል። ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ስለ እግሩ «የመኪና አደጋ ነው» ከማለት ያለፈ ነገር ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። በወጣትነቱ ከውድድር መኪኖች ጋር ይሠራ እንደነበር የነገረችኝም እናቴ ናት። እሱ የሚያወራው ስለ ብረት ብቻ ነው። ለቀረው ነገር ሁሉ አንድ መልስ አለው፤ «ዺሲ»። ተይው፣ ተወው ማለት ነው። ጎረቤት አጥር ገፍቶ ሲያጥርበት ዺሲ። ደንበኛ አሠርቶ ሲያመናጭቀው ዺሲ። በዚህች ቃል እየተናደድኩ ነው ያደግኩት።

ስደርስ ከግቢው በር ላይ የአንድ ፒክአፕ መከላከያ እየቀጠቀጠ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ኢንተለ ኮ» አለኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ልጄ ማለቱ ነው።

ከካርቶኑ ሳወጣት መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

«ይሄን ማን ሰጠሽ?»

«ሥራ ነው አባዬ። የማህበር ሰዎች ናቸው። ሱሉልታ ላይ ለሚሸለም ሰውዬ።»

«ለመስፍን።»

«ታውቀዋለህ እንዴ?»

የሰረጎደውን በር በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ሙቀት አብዝተሽበታል» ብሎ ወደ ውስጥ ይዟት ገባ።

ውኃ አፍልቶ ጨርቅ እየነከረ በሩን ቀስ በቀስ አለሰለሰው። ከእንጨት ፍላጭ ላይ የበሩን ጉብታ የመሰለ ነገር ሞርዶ አዘጋጀና ከውስጥ ደግፎ ይገፋው ጀመር። ብረት ሲደበድብ ብቻ የማውቀው ሰው ትንፋሹን ይዞ ሲሠራ ያኔ አየሁት። በሩ ሲመለስ ስቱኮ በጣም በስሱ ቀባው፤ እንዲደርቅ አሳደርነው። በማግስቱ ጠዋት በውኃ እያሸው ሳለ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«እዚህ በር ላይ ምን ትለጥፊበታለሽ?»

«ቁጥሩንና የጎማ ማስታወቂያ። ዝርዝሩ ላይ ያለው እሱ ነው።»

«ከቁጥሩ በላይ ስም ነበረ።»

«የማን?»

ብርጭቆ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው። «የኔ» አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ቢወጣው ምን ነበረበት! እጁን ታጥቦ ወደ መከላከያው ተመለሰ። የቀረውን የነገረችኝ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም የነበረችው እናቴ ናት።

አባቴ የጋሽ መስፍን መንገድ አንባቢ ነበር። በውድድር ላይ አሽከርካሪው ብቻውን አይደለም፤ ከቀኙ የሚቀመጥ ሰው አለ። መንገዱን አስቀድመው አብረው ይሄዱበትና ኩርባውን፣ ጉድጓዱን፣ ድልድዩን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፈዋል። በውድድሩ ዕለት መኪናው እየበረረ እሱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ነጂው ዓይኑ ገና ያላየውን በጆሮው እየሰማ ይነዳል። አራት ዓመት እንዲህ አብረው ሮጠዋል። አምስተኛው ዓመት ላይ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ፣ ያኔ አስፋልት ሳይሆን ፒስታ ሳለ፣ ከአንድ ጠባብ ድልድይ ጠርዝ ጋር ተላተሙ። ነጂው ተቧጨረ። የአባቴ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ።

«ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ» አለች እናቴ፣ «መስፍን ለጋዜጠኞቹ ‹ረዳቴ ድልድዩን ሳይነግረኝ አለፈ› ብሎ ተናገረ። አንቺ ያኔ ሁለት ዓመትሽ ነው። ከሆስፒታል ሲወጣ ይሠራበት የነበረው ጋራዥም በቃኸን አለው። መንገድ ማንበብ ያቃተው ተብሎ ማን ያስጠጋው? ይኸው እዚህ መጥቶ ብረት መደብደብ ያዘ።»

«እውነት አልነገረውም?»

እናቴ ሰፌዱን አስቀመጠችው። «እዚህ ቤት ሌሊት ሌሊት ያን መንገድ ስንት ዓመት ሲያነብ የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች። «በእንቅልፍ ልቡ ያችን ድልድይ ሳይጠራ አልፎ አያውቅም።»

ከቡፌው መሳቢያ አንድ ፎቶ አወጣችልኝ። ያችው መኪና በቀኝ በኩል። ሁለት ወጣቶች ተደግፈዋታል፤ አንዱ አባቴ ነው፣ ሁለቱም እግሮቹ ቀጥ ብለው። በሩ ላይ በብሩሽ የተጻፈ «ቱፋ»። ሁለት ፊደል።

አባቴ ላይ ነው የጮህኩት፤ ሌላ የምጮህበት ሰው አጠገቤ አልነበረም። «ለምን ዝም አልክ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ?» አልኩት።

«ዺሲ።»

«አልተውም!»

«ሌንሴ፣ ሥራሽን ጨርሺና አስረክቢ። ዺሲ።»

ቡራዩ ተመልሼ በሩን መልሼ ቀባሁት። መቁረጫ ማሽኑ ያን ያህል ትንሽ ፊደል አልቆርጥ ስላለኝ፣ ፎቶውን አጠገቤ አድርጌ በምላጭ ቆረጥኩት። ብሩሹ የ«ፋ»ን እግር ትንሽ ጠምዘዝ አድርጎት ነበር፤ እኔም ጠመዘዝኩት። ከቁጥሩ በላይ ለጠፍኩና መኪናዋን በሙሉ ቀለሙን የሚሸፍነውን ግልጽ ላከር ረጨሁባት። አንድ ጽሑፍ ላከር ስር ከገባ በኋላ በጥፍር አይነሳም። ይህን አውቄ ነው ያደረግኩት። እየረጨሁም ስሳደብ እንደነበር አልክድም።

ቅዳሜ ጠዋት በአዲሱ ገበያ በኩል አድርጌ ሱሉልታ ገባሁ። ዝግጅቱ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ነው፤ ስልሳ ያህል ሰው ተጠርቷል። አቶ ወንድወሰን መኪናዋን ሲያይ ፊቱ በራ። ግራውን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ አዞረና ቀኙን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስም ነው።»

«ዝርዝሩ ላይ የለም።»

«መኪናው ላይ ነበረ። ፎቶ ላሳይዎት?»

«አያስፈልግም። ጋሽ መስፍንን ቅር የሚያሰኝ ነገር ዛሬ አልፈልግም። ላጪው።»

«ላከር ስር ነው። ልላጠው ብል ቀለሙ አብሮ ይነሳል። ደግሞስ ሁለት ፊደል ምን ቦታ ፈጀብዎት?»

ወዲያና ወዲህ አየና መኪናዋን ከመድረኩ ጥግ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት፤ ቀኝ በሯን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ሥራዬን ስላስረከብኩ መሄድ እችል ነበር። ከኋላ ወንበር ይዤ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ መስፍን ሰባ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው፣ ሽበት የሚያምርባቸው ሰው ናቸው። ይህንንም በንዴት ነው ያየሁት፤ አስቀያሚ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ማይክሮፎን ይዘው ስለ ድሮ ውድድር አወሩ፤ ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡና ጠየቁ።

«መስፍን፣ ያ ከጎንህ የነበረው ልጅ፣ ቱፋ፣ የት ደረሰ?»

ጋሽ መስፍን ማይክሮፎኑን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። «ቱፋ... እሱማ አርፏል። ከቆየ። ነፍሱን ይማረው» አሉ።

«ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር» አለ አዳራሹ።

አቶ ወንድወሰን ማይክሮፎኑን ተቀበለ። «እንግዲህ ለቀድሞ ባልደረባችን ለአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት እናድርግ። እባካችሁ ከመቀመጫችን እንነሳ» አለ። ወንበሮቹ ተንኳኩ፤ ስልሳ ሰው ተነሥቶ አንገቱን ደፋ።

እኔም ተነሳሁ።

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። ነፍስ ይማር ሲባል መነሳት ከሕፃንነታችን ጀምሮ እግራችን የለመደው ነገር ነው። ሰው ሲነሳ ተነሳሁ፤ አንገቴንም ደፋሁ። ለገዛ አባቴ፣ ያን ዕለት ጠዋት ፍርፍር በልቶ ሥራ ለገባ ሰው፣ እጄን አጣምሬ ቆምኩለት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ ነበር። ጫማዬ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነበረበት። እሱን ሳይ ነው የነቃሁት።

«አልሞተም!» አልኩ።

ሁሉም ዞረ። አቶ ወንድወሰን በእጁ ዝም በይ አለኝ። እሱን ሳይ ይብስ ጮህኩ።

«አባቴ ነው! አልሞተም! ሰበታ ነው ያለው! ማን ነው የቀበረው? እርስዎ ቀብር ላይ ነበሩ ወይ ጋሽ መስፍን?»

«ልጄ... ሰዎች ነግረውኝ ነው» አሉ።

«ማን?»

ስልኬን አወጣሁ። ቁጥሩን ሁለቴ ሳትኩት። አባቴ ሲያነሳ የመፍጫ ድምፅ ይጮሃል።

«አባዬ፣ እዚህ ሞቷል ብለው ጸሎት እያደረጉልህ ነው።»

«ምን?»

«ሞተሃል አሉ! ሰው ሁሉ ቆሞልሃል!»

መፍጫው ጠፋ። «ማን ነው ያለው?»

«ጋሽ መስፍን።»

ዺሲ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ካለኝም ስልኩን ከግድግዳ ጋር ልፈጠፍጠው ነበር። «እዛው ሁኚ» ብሎ ዘጋው።

መድረኩ ላይ ወጥቼ መኪናዋን አነሳኋት። «አባቴ እስኪመጣ አልሰጥም» ብዬ ታቅፌያት በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከሰበታ ሱሉልታ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ነው፤ በሚኒባስ እየቀያየሩ፣ እግር እየጎተቱ። አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። የቀረውን ፕሮግራም አሳጥረው ምሳ አቀረቡ። አቶ ወንድወሰን አንዴ እየተለማመጠ፣ አንዴ በፖሊስ እያስፈራራ ሦስት ጊዜ መጣብኝ። «ፕሮግራማችንን አበላሸሽብን» ይለኛል። አባቴን ከመግደል ፕሮግራም ማበላሸት እንደሚከብደው ያኔ ገባኝ።

ሰው እየበላ ወጣ። አንዳንዱ ሲያልፍ ትከሻዬን መታ አደረገኝ፤ አንዳንዱ ስልክ የሚያወራ መስሎ አለፈኝ። ያን ጥያቄ የጠየቁት ሽማግሌ ሊጠብቁ ፈልገው ነበር፤ ልጃቸው የመድኃኒት ሰዓትዎ ደርሷል ብሎ ይዟቸው ሄደ። ሰባት ሰዓት ሆነ። ስምንት። አቶ ወንድወሰን ውስጥ ገብቶ ከሆቴሉ ሰዎች ጋር ሂሳብ ይነጋገራል። ግቢው ውስጥ ጥበቃውና እኔ ቀረን። ጋሽ መስፍን ደግሞ መኪናቸው ውስጥ፣ በሩን ከፍተው፣ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። መሄድ ይችሉ ነበር፤ ማንም አልያዛቸውም። ለምን እንዳልሄዱ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ እሳቸው የምናገረው ደግ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን አባቴ በግቢው በር ገባ። የሥራ ልብሱን እንኳ አልቀየረም፤ ሸሚዙ ላይ የብረት ብናኝ አለ። እኔን አላየኝም። ቀጥ ብሎ፣ እግሩን እየጎተተ፣ ወደ መኪናው ሄደ። ተከተልኩት።

«መስፍን፣ አለሁ» አለ።

ጋሽ መስፍን ሊነሱ ሞከሩ፤ መልሰው ተቀመጡ። «ቱፋ...»

አባቴ ከደብተር መንገድ የሚያነብ እንጂ ሰው የሚያናግር አይመስልም ነበር፤ ድምፁ እኩል፣ ፈጣን፣ የማላውቀው ድምፅ። «ሁለት መቶ ቀጥታ። ቀኝ፣ ጠባብ። ድልድይ። ከድልድዩ በፊት ፍሬን» አለ። ከዚያ አቆመና ዓይን ዓይናቸውን አያቸው። «ብዬሃለሁ ወይስ አላልኩህም?»

ጥበቃው ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል። ጋሽ መስፍን እጃቸውን ከመሪው አነሱ።

«ብለኸኛል።»

«ስንት ጊዜ?»

«ሁለቴ።»

«ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ። አልፈዋለሁ ብዬ ነው። ቱፋ፣ ያኔ መኪናዋን የሰጡኝ ሰዎች ‹መስፍን፣ ጥፋቱ ያንተ ከሆነ እንወስድብሃለን› ብለውኝ...»

«እሱን አልጠየቅኩህም» አለ አባቴ።

ጋሽ መስፍን ያለቅሱ ጀመር። ደስ እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ አላለኝም። ሠላሳ ዓመት አሳልፎ የመጣ እንባ የባሰ አናደደኝ።

«ሌንሴ፣ መኪናውን ስጪው።»

«አልሰጥም! እኔ ነኝ የሠራኋት፣ ወደ ቤታችን ነው የምትሄደው!»

«ስጪው። ቤቱ ያስቀምጠውና ጠዋት ሲነሳ ስሜን ይየው። እኛ ቤት ስሜን ማንም አልረሳው።»

ሰጠሁ። ቀኙን በር ወደ እሳቸው አዙሬ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። አቶ ወንድወሰን ከአዳራሹ ሲወጣ እኛ ከግቢው ወጥተን ነበር።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተጠጋግተን ተቀመጥን። ድምፄ እንዳይጎላ ተጠንቅቄ ጠየቅኩት። «ያን ሁሉ ዘመን ዺሲ ስትል ኖረህ ዛሬ ምን አገኘህ?»

«ጥፋተኛ ሲሉኝ ላንቺ ዳቦ ማምጣት ነበረብኝ፤ መሟገቻ ጊዜ የለኝም ብዬ ተውኩት» አለኝ። «ሞቷል ሲሉ ግን ምኑን ልተወው? የሚተወው ሰውዬ ራሱ የለም አሉ እኮ።» ከዚያ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በዚህ የሚያበቃ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። እውነቱ ወጣ፣ አባቴ ቀና አለ ብዬ እዘጋው ነበር። ግን ቁጠሩልኝ። ጋሽ መስፍን አባቴን የገደሉት በስልሳ ሰው ፊት፣ በማይክሮፎን ነው። ያመኑት ግን በሦስት ሰው ፊት ነው፤ አባቴ፣ እኔና የሆቴሉ ጥበቃ። አቶ ወንድወሰን ለአባላቱ እውነቱን የሚናገር አንድ መልእክት ይላክልኝ ብዬ ስደውልለት «ጉዳዩ ተፈቷል አይደል እንዴ፣ ለምን እናራግበዋለን?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። እኔም መደወሌን አላቆምኩም።

እኔ ላይ የተለወጠ ነገር ቢኖር፣ አሁን ሱቄ ውስጥ ስም ዝም ብዬ አልቆርጥም። ነፍስ ይማር የሚል ሲመጣ ሟቹን የቀበረው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ደንበኞቼ ያበድኩ ይመስላቸዋል። የሽልማት፣ የምስጋና፣ የምስረታ በዓል ሰሌዳ ሲያመጡ ደግሞ «ማን ቀረ?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው «ማንም» ይለኛል። አንዳንዱ ግን ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ያስባል፣ ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ይዞ ይሄዳል። በማግስቱ አንድ ስም ተጨምሮበት ይመጣል።

እና ያን ቅዳሜ በዚያ አዳራሽ የነበራችሁ፣ ምሳችሁን በልታችሁ የወጣችሁ፣ ይህ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ ለእናንተ ነው። አባቴ ሰበታ ነው፤ ዛሬ ጠዋትም የሰው መከላከያ እያቃና ነው። ድልድዩን ሁለቴ ተናግሯል። ያኔ ቆማችሁለት ነበር፤ አሁን ተቀመጡ።